ከአጥሩ ውጭ

በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ አንድ ማክሰኞ ጠዋት አማቴ ቄሰ ገበዝ ህሩይ ጠዳ መናኸሪያ ድረስ ወርደው የሚኒባሴ ጋቢና ውስጥ ገቡና በሩን ከውስጥ ዘጉት። ሰላምታ የለ፣ «ልጆቹ ደኅና ናቸው?» የለ። ከካፖርታቸው ኪስ አንድ እፍኝ ጥሬ ሾላ አውጥተው ጭኔ ላይ ዘረገፉት። ሾላ ሲበስል ቀላ ብሎ ይለሰልሳል፤ እነዚህ ግን አረንጓዴ እንደሆኑ ጠውልገው የረገፉ ነበሩ።

«ክፈተው» አሉኝ።

«ምኑን?»

«አንዱን ነዋ። ጥፍር የለህም?»

ከፈትኩት። ውስጡ ደረቅ ነው። ሁለተኛውን ከፈትኩ፣ ሦስተኛውንም።

«ምን አየህ?»

«ምንም የለውም።»

«እኔም እሱን ልነግርህ ነው የመጣሁ» አሉና ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

እውነቱን ልናገር፣ ጃጁ ብዬ ነው ያሰብኩት። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። እኔ ደግሞ አዘዞ ተወልጄ ያደግሁ ሾፌር ነኝ፤ ከዛፍ የማውቀው መኪናዬን የማቆምበትን ጥላ ብቻ ነው። ልጃቸውን ዝማሬን ካገባሁ አሥራ አራት ዓመቴ፣ እሳቸውም በእነዚህ ዓመታት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ሥራ አስፈትተውኝ አያውቁም። ስለዚህ ተሳፋሪ እየጠበቀ እኔ ጥሬ ሾላ እፈለቅቃለሁ።

«ትንኟ የለችም» አሉ ቀስ ብለው። «ሾላችን ሦስት ጊዜ አፈራች፣ ሦስት ጊዜ ጥሬውን አራገፈችው። አንዱም ውስጥ ትንኝ የለም።»

ለማያውቅ ሰው ልንገር። የገጠር ሰው ሾላ ሲበላ መጀመሪያ ለሁለት ይከፍለዋል፤ ከውስጡ ጥቁር አቧራ የመሰሉ ደቃቅ ትንኞች ይወጣሉ፤ እፍ ብሎ ያበራቸውና ይበላዋል። ሁሉም እንዲህ ነው የበላው። ትንኟ ከየት እንደምትመጣ፣ ለምን እንደምትገባ የጠየቀ አልነበረም፤ እፍ የምትባል ነገር ናት። አማቴም ሰባ ዓመት እፍ ሲሏት ኖረው አሁን ጠፋችብኝ ብለው ወደ እኔ መጡ።

ቄሰ ገበዝ ህሩይ የጭልጋ ሰው ናቸው። በዘጠኝ ዓመታቸው ለትምህርት ወጥተው፣ ከጠዳ በላይ የአንድ ሰዓት ተኩል ዳገት ላይ ካለችው ሾላ ጊዮርጊስ ደረሱና እዚያው ቀሩ። ቤተ ክርስቲያኗ ስሟን ያገኘችው ከዛፎቹ ነው። ያኔ ስድስት ነበሩ፤ አንዷ ከቤተልሔሙ ጎን፣ አምስቱ ደግሞ ወደ ምንጩ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ። ነሐሴ ሲገባ የገበሬው ጎተራ ይራቆታል፣ የተማሪውም አኩፋዳ ባዶውን ይመለሳል። በዚያ ወር ሌላው ዛፍ ሁሉ ፍሬ የለውም፤ ሾላዎቹ ግን አንዷ ስትጨርስ ሌላዋ ትጀምራለች። አማቴ ዳዊት የደገሙት በሾላ ሆድ ነው። «የኔታ ዜማውን ሰጡኝ፣ አንጀቴን ያቆመችው ግን እሷ ናት» ይላሉ፤ ይህን ሲሉ ቀልድ አያውቁም።

በሾላዎቹ የኖረው ተማሪ ብቻ አልነበረም። ጉሬዛው፣ ጦጣው፣ ርግቡ፣ ክንፉን ሲዘረጋ ውስጡ ቀይ የሆነው አረንጓዴ ወፍ፣ የሌሊት ወፉ፣ ሁሉም እዚያው ነበር የሚውለውና የሚያድረው። አማቴ ከሁሉም በላይ የሚያስታውሱት ከሾላዎቹ ሥር የሚበቅለውን ነው። ከሥራቸው ሾላ አይደለም የሚበቅለው፤ ወይራ ነው፣ ጥቁር እንጨት ነው፣ ዝግባ ነው። ወፉ ወይራውን ሌላ ቦታ በልቶ ይመጣና ሾላው ላይ ተቀምጦ ሆዱ ውስጥ የያዘውን ይጥለዋል። «ሾላ ማዕድ ናት። ለማዕዱ የመጣ ሁሉ ዘር ጥሎ ይሄዳል። ደኑን የተከለው ሰው አይደለም» አሉኝ አንድ ጊዜ። እኔ በዚያ ቀን የማስበው ስለ ፍሬን ሸራዬ ነበር።

ዲያቆን ሆኑ፣ ቄስ ሆኑ፣ ዝማሬን ወለዱ፣ ሚስታቸው በለጋነቷ ሞተችባቸው፣ ሌላ አላገቡም። በ1998 ገበዝ ሲሆኑ ደኑ በየአቅጣጫው እየተሸረሸረ ነበርና የመጀመሪያ ሥራቸው የድንጋይ አጥር ማሠራት ሆነ። መስመሩን ያወጡት በእጃቸው ነው፤ ችካል እየቸከሉ፣ ሲባጎ እየወጠሩ። ቁልቁለቱ ጋ ሲደርሱ አምስቱን ሾላዎች ለማስገባት ሲባጎው በሦስት ገበሬዎች ማሳ ላይ መዞር ነበረበት፤ ጠብ ያመጣል፣ ድንጋዩም አይበቃም። ስለዚህ ሲባጎውን ቀጥ አድርገው ወጠሩትና አንዷ ውስጥ፣ አምስቱ ውጭ ቀሩ። አጥሩ ሲያልቅ በሚያዝያ ጊዮርጊስ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆመው ገዘቱ፤ ከዚህ አጥር ውስጥ ቅርንጫፍ የሰበረ፣ ቅጠል የቀጠፈ በቃለ እግዚአብሔር የተገዘተ ይሁን። ከአጥሩ ሥር ማሳ ያለው አያ ውዱ ያኔ ጎልማሳ ነበር፤ ተነሥቶ ጠየቃቸው።

«አባቴ፣ ከአጥሩ ውጭ ያለውስ?»

«ከአጥሩ ውጭ ያለው የናንተ ነው» አሉት። ሰው ተደስቶ እልል አለ። እሳቸውም ደክሟቸው ነበርና ደስ ብሏቸው ተቀመጡ።

ግዝቱ ሠራ። በዚያ አገር የካህን ቃል ከዘበኛ ይበልጣልና ከአጥሩ ውስጥ አንዲት ጭራሮ የወሰደ የለም። አማቴ ራሳቸው ግን ከግዝቱ የባሱ ነበሩ። የኔና የዝማሬ ሠርግ ቀን ዳሱን በቅጠል እንድናለብሰው ጥቂት ቅርንጫፍ ብንለምናቸው፣ ለአንድ ልጃቸው ሠርግ፣ ለአንድ ቀን፣ አንዲት ቅጠል ከለከሉን። ዳሳችን የመኪና ሸራ ለበሰ፤ ሸራው ቀዳዳ ነበረውና ዝናቡ በሙሽራዋ ላይ ወረደ። እስከ ዛሬ ይቺን ነገር ሳነሳባቸው ይስቃሉ እንጂ አይጸጸቱም።

ከአጥሩ ውጭ ያሉት ግን ሄዱ። የመጀመሪያዋ ለራሷ ለቤተ ክርስቲያኗ አዲስ ሕንጻ ነው የተቆረጠችው፤ ለአርማታው ጣውላ ጎድሎ እሳቸው ባርከው አስቆረጧት። ቀጥሎ አንዱ ገበሬ ለባሕር ዛፍ ችግኝ ቦታ አጸዳ፣ ሌላውም አይቶ አጸዳ። አያ ውዱ ማሳው ውስጥ ያሉትን ሁለቱን፣ ወፍ ሰበሰቡብኝ፣ ጤፌን ጥላ ያዘብኝ ብሎ በተለያየ ዓመት ጣላቸው፤ የመጨረሻዋ የወደቀችው በ2012 ነው። ማንም ግዝት አልጣሰም። አማቴም መጥረቢያው ሲሰማ ከአጥሩ ወዲህ ቆመው ያዳምጡ ነበር፤ የኛዋ አለች ብለው።

የኛዋ ነበረች፤ ምልክቱ ግን በዚያው ጀመረ። መጀመሪያ ጉሬዛዎቹ ሄዱ። አንድ ክረምት አዩዋቸው፣ በሚቀጥለው የሉም። ቀዩ ክንፍ የቀረው መቼ እንደሆነ እንኳ አያስታውሱም፤ «አንድ ቀን ድምፁን ስፈልገው አጣሁት» ነው የሚሉት። ከዚያ ወደ መሬት ማየት ጀመሩ። በደኑ ውስጥ ያለው ወይራ ሁሉ ሽማግሌ ነው፣ ዝግባውም። ከጉልበት የማይበልጥ፣ ከወገብ የማይበልጥ አንድም ጥቁር እንጨት የለም። ደኑ ከውጭ ሲያዩት ጥቁርና ሙሉ ነው፤ ጎብኚ ቢመጣ ፎቶ አንሥቶ አመስግኖ ይሄዳል። እሳቸው ግን በየቀኑ በመካከሉ ሲያልፉ ልጅ በሌለበት ቤት ውስጥ የሚራመዱ እየመሰላቸው ያስፈራቸው ጀመር። ምንጩም ያው ፈሰሰ፣ ግን ማድጋው ለመሙላት የሚወስደው ጊዜ ረዘመ። ከዚያ ነው ሾላዋ ጥሬዋን ማራገፍ የጀመረችው።

መጀመሪያ ጸበል ረጭተውባት ነበር፤ ይህን ጋቢናው ውስጥ ሲነግሩኝ አልሳቅሁም ብል ውሸት ነው።

«ምነው ትስቃለህ?» አሉኝ።

«ቄሰ ገበዝ፣ ዛፍ ታማ ነው?»

«አዎ» አሉ። ሳቄ ጠፋ።

በዚያ ማክሰኞ ከጋቢናው አልወርድ ስላሉ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ወሰድኳቸው። ሄለን የምትባል የዩኒቨርሲቲ መምህር አለች፤ ስለ ዕፅዋት ነው የምታስተምረው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ጠዳ ስትወርድ ደንበኛዬ ናት። ከምትከራይበት ግቢ በር ላይ ጠራኋት። ሾላዎቹን አንድ በአንድ ከፍታ በአጉሊ መነጽር አየቻቸው። አማቴ እጃቸውን ትከሻቸው ላይ አጣምረው እንደ በሽተኛ አስታማሚ ይጠብቃሉ።

«አባ፣ ትንኟ አልገባችም» አለች።

«እሱንስ አውቃለሁ ልጄ። ለምን?»

ሄለን ቁጭ ብላ አስረዳችን፤ እንደገባኝ እነግራችኋለሁ። የሾላ አበባው ውጭ አይደለም፣ ከፍሬው ውስጥ ነው፤ ንብም ነፋስም አይደርስበትም። የሚደርስበት አንዲት ትንኝ ብቻ ናት። እየጠበበ በሚሄድ ቀዳዳ ክንፏን እየሰበረች ትገባለች፣ አበባውን ታራባለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች፣ እዚያው ትሞታለች። ልጆቿ ፍሬው ሊበስል ሲል ይወጣሉ። ሲወጡ ግን የዛፏ ፍሬ ሁሉ አብሮ በስሏልና የሚገቡበት ጥሬ አያገኙም። ያኔ ገና ማፍራት የጀመረች ሌላ ሾላ መኖር አለባት። ዕድሜያቸው አንድ ቀን ነው፣ ቢበዛ ሁለት።

«ሌላ ከሌለችስ?» አሉ አማቴ።

«ይሞታሉ። ከሩቅ በነፋስ የሚመጡ ይኖራሉ፤ እሱ ግን ዕድል ነው።»

«ስንት ያስፈልጋል?»

«ቁጥሩን እንዲህ ነው ብዬ አልምልም አባ። በርከት ማለት አለባቸው። አንድ አካባቢ አምስትም ስድስትም ሆነው፣ ሌሎች ደግሞ ነፋስ በሚያደርስበት ርቀት። አንዲት ሾላ ብቻዋን ምን ብትጠበቅ፣ ቆማ ነው እንጂ እየኖረች አይደለም።»

ይህን ስትል ስለ አምስቱ አታውቅም፤ ማንም አልነገራትም። አማቴ አመስግነው፣ መስቀላቸውን አሳልመዋት ወጡ። አዘዞ ስንደርስ «አምስት ነበሩ» አሉ። «በሲባጎ ነው የገደልኋት።» መሪውን ይዤ መንዳቴን ቀጠልኩ። እኔ መንገዱን እንጂ ነፍስ ማጽናናት አላውቅበትም።

ሄለን አንድ ዘዴ ነግራን ነበር፤ ሌላ ቦታ ለመብሰል የቀረበ ፍሬ ከተገኘ፣ ትንኟ ሳትወጣ ቆርጦ በስስ ጨርቅ አምጥቶ፣ ሾላዋ እንቡጥ በያዘች ሰሞን ቅርንጫፏ ላይ ማንጠልጠል። እንቡጡ በጥር መጨረሻ እንደሚመጣ አማቴ ያውቃሉ። ስለዚህ ከታኅሣሥ ጀምሮ ተሳፋሪ በሌለኝ ሰዓት ሁሉ ሾላ ፍለጋ ሆነ። እሳቸው ድሮ የሚያውቁትን ይመሩኛል፣ እኔ እነዳለሁ። ከጠዳ ሥር ካለው ወንዝ ዳር የነበረችው ቦታ ባሕር ዛፍ ቆሟል። አዘዞ የሚያውቋት ላይ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ተሠርቶባታል። አንገረብ ጉቶዋን አገኘናት፤ ጉቶው ላይ ሴትዮ ልብስ ታጥባለች። ከየቦታው ሲመለሱ ድምፃቸው እያነሰ ይሄዳል፤ እኔንም ያኔ ነው ፍርሃቱ የያዘኝ። ሃያ ዓመት በዚህ መንገድ ስመላለስ ዛፎቹ ሲሄዱ አንዱንም አላየሁም።

ወለቃ መንገድ ዳር ሸክላ የምትሸጥ ትርንጎ የምትባል ሴት ናት በመጨረሻ የነገረችን። «ገደሉ ውስጥ አንዲት አለች። መጥረቢያ ስለማይደርስባት ነው እንጂ...» አለች። እውነትም ነበረች። ገደሉ አፋፍ ላይ ተንጠልጥላ፣ ፍሬዋን ከግንዷ ላይ እንደ ዶቃ ደርድራ፣ ወፍ ሞልቶባት። አማቴ ወፎቹን ሲያዩ ቆብ አውልቀው አማተቡ።

ዝማሬ ከአሮጌ ነጠላ ከረጢት ሰፋችልን። ጥር ሃያ ስምንት ቀን ማለዳ ፍሬው ቀላ ማለት ሲጀምር፣ ገና አንድም ቀዳዳ ሳይታይበት፣ ለቀምነው። ሾላዋም እንቡጥ ይዛለች። ከወለቃ ጎንደርን አቋርጦ እስከ ጠዳ፣ ከዚያ ዳገቱ ቢደመር ከሦስት ሰዓት አይበልጥም። እግዚአብሔር ይመስገን ተባባልን።

አዘዞን ልንወጣ ስንል መንገዱ ተዘግቷል። በዚያ ሰሞን እንዲህ ነው፤ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል፤ ሾፌር ምክንያት ይጠይቃል እንጂ የሚነግረው የለም። አይሱዙው፣ ሚኒባሱ፣ አንድ አምቡላንስ እንኳ ተሰልፈን ቆምን። ከሩቅ የሚሰማ ነገር ነበር፤ ምን እንደሆነ ሁላችንም እያወቅን ስለ ሙቀቱ እናወራለን። አማቴ ከረጢቱን ይዘው ኬላው ላይ ወዳለው ጠባቂ ሄዱ።

«ልጄ፣ የያዝኩት ነገር እስከ ነገ አይቆይም። በእግሬ ልለፍ።»

«ምንድን ነው የያዙት አባ?»

አማቴ አመነቱ። ውሸት አያውቁምና «ትንኝ» አሉ። ልጁ ትክ ብሎ አያቸው። መስቀላቸውን ተሳለመና «አባ፣ ይፍቱኝ፣ በእግርም አይቻልም» አላቸው። ጨዋ ልጅ ነበር።

ቀትር ላይ መኪናው ውስጥ ሲግል ትንኞቹ መውጣት ጀመሩ። ከነጠላው ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ እንደ ጥቁር አቧራ። በከረጢቱ ቀዳዳ እየሾለኩ ወደ ብርሃኑ ሄዱና የፊት መስታወቴን ሞሉት። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ጠዳ አዙረው መስታወቱ ላይ ይርመሰመሳሉ። አማቴ መስኮቶቹን ዘግተው፣ በላብ ተጠምቀው፣ በለሆሳስ ይጸልያሉ። «እንክፈትላቸው?» አልኳቸው። «እዚህ ቢወጡ የት ይሄዳሉ?» አሉኝ። እውነት ነው፤ አዘዞ ውስጥ ሾላ የለም። እዚያው አደርን። በማግስቱ ከቀትር በኋላ መንገዱ ሲከፈት ዳሽቦርዱ ላይ የቀረው አንድ ቁንጥር በርበሬ የሚያክል ጥቁር ድቃቂ ነበር። በወረቀት ጠረጉትና አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ያም ሆኖ ወጣን። ከረጢቱ ውስጥ ጥቂት የሚንቀሳቀሱ አሉ ብለው በሰባ አንድ ዓመታቸው መሰላል ወጥተው ሰቀሉት። መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ እንደምወዳቸው ያወቅሁት ያን ቀን ነው። በመጋቢት ጥሬው እንደገና ረገፈ። ሁለት መቶ ያህሉን ከፍተዋል። በአንዱ ፍሬ ውስጥ ብቻ አንዲት የደረቀች ትንኝ፣ ክንፏ የተሰበረ። ደርሳ ነበር፤ ግን ብቻዋን ምን ታደርግ።

በሚያዝያ ጊዮርጊስ፣ ልክ በአሥራ ዘጠነኛው ዓመት፣ በዚያው ዐውደ ምሕረት ላይ ቆሙ። እኔና ዝማሬ ከሕዝቡ መካከል ነበርን። ሲባጎውን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ከአጥሩ ውጭ ያለው የናንተ ነው ያልኩትም እኔ ነኝ፣ ተሳስቼ ነበር፣ ይቅር በሉኝ አሉ። ሾላዋ ብቻዋን እንደቀረች፣ ወፉ ለምን እንደሄደ፣ ደኑ ለምን ልጅ እንደሌለው፣ ሽማግሌዎቹ ዛፎች ሲወድቁ ምንጩም ተከትሎ እንደሚሄድ ተናገሩ። ከዛሬ ጀምሮ ግዝቱ ከአጥሩ ውጭም ነው፤ እባካችሁ በየማሳችሁ ዳር አንድ አንድ ሾላ ትከሉ አሉ። አያ ውዱ አሁን ሽበታም ሆኗል፤ በከዘራው ተደግፎ ተነሣ።

«አባቴ፣ አንቱን አልቃወምም። ማሳዬ ግን ግማሽ ጥማድ አይሞላም፤ ሦስት ልጅ ይካፈለዋል። ሾላ ተክዬ ጥላውን ማን ይብላው? ዛሬ እሺ ብዬ ብተክል ነገ ልጄ ይቆርጠዋል። ከአጥሩ ውጭ ያለ ነገር መቆረጡ አይቀርም።»

ተቆጥቶ አልነበረም የተናገረው። አማቴም አንገታቸውን ነቅንቀው «ልክ ነህ» አሉ። ግዝቱን ሰምቶ ሰው ሁሉ ተበተነ፤ ከአጥሩ ውጭ የሚገዘትለት ዛፍ ስለሌለ ማንንም አላስፈራም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን አልደወሉም። ሰኔ መግቢያ ላይ ጠሩኝና ብቻህን ና አሉኝ። ከአጥሩ በታች፣ ከአያ ውዱ ማሳ ራስጌ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አጠገባቸው አምስት የዘይት ጄሪካን፣ አንገታቸው ተቆርጦ አፈር የሞላባቸው፣ በእያንዳንዱ አንድ ክንድ የምታህል ቅጠል ያወጣች ቅርንጫፍ። ብቻቸውን ወለቃ ገደል ወርደው ነው ቆርጠው ያመጡት።

«እዚህ ቁም» አሉኝ። ቆምኩ። «እዚህ ነው የምቀበረው።»

«ከአጥሩ ውጭ?»

«ከአጥሩ ውጭ።»

የሰማሁት አልገባ አለኝ። አርባ ዓመት መቅደስ ያገለገለ ቄስ ከአጥር ውጭ አይቀበርም። እዚያ የሚቀበረው ራሱን ያጠፋ ነው፣ ተገዝቶ የሞተ ነው። ዝማሬ አባቷን እዚያ አስቀምጣ በጠዳ ገበያ እንዴት ትሄዳለች? ሰው ምን አድርጎ ነው ይላል፤ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ወሬ ነው። ይህን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር።

«ጨረስህ?» አሉኝ። «በመቃብር ላይ የበቀለ ዛፍ የቆረጠ ሰው በዚህ አገር አይተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ግዝቴን ከአጥር ላስወጣው ሞክሬ አልወጣልኝም። ሬሳዬ ግን ይወጣል። ሾላዋን ራስጌዬ ላይ ትተክላለህ። ዝማሬ ትጮኻለች፤ አንተ ሥጋዬ አይደለህምና ትጸናለህ። ላንተ የነገርኩህ ለዚህ ነው።»

ጎንበስ ብለው ጄሪካኖቹን አስተካከሉ። ያኔ ነው አምስት መሆናቸው የገባኝ። እሳቸው አንድ ናቸው። «ሌሎቹስ?» ስላቸው በአገጫቸው ወደ ማሳው አመለከቱ፤ አያ ውዱ ራቅ ብሎ ከወደቀችው ከመጨረሻዋ ሾላ ጉቶ አጠገብ ቆሞ ነበር። ለልጆቹ ተናዟል አሉኝ፤ የሚቀበረው እዚያው ጉቶው ሥር ነው። ሁለት ሆነዋል። ከዚያም ሦስተኛውን ጄሪካን አንሥተው ሰጡኝ፤ ከባድ ነው፣ ደረቴ ላይ ታቅፌ ያዝኩት።

«ቄሰ ገበዝ፣ እኔ አርባ አራት ዓመቴ ነው» አልኩ።

«ሸጋ ነው። ቶሎ አትቸኩል፤ እሷም ለማፍራት ጊዜ ትፈልጋለች። ብቻ ውኃ አታጉድልባት።»

ጋቢናው ውስጥ እሳቸው በሚቀመጡበት ቦታ አስቀምጬ፣ ቀበቶ አስሬላት ወረድኩ። አሁን በረንዳችን ላይ ናት። አምስት ቅጠል ጨምራለች። ዝማሬ አባቴ የሰጠህ ጥላ ናት፣ ትልቅ ስትሆን ግቢያችንን ታለብስልናለች ብላ ደስ ብሏታል፤ ጠዋት ጠዋት ውኃ የምታጠጣት እሷ ናት።